ራስ የሌለው ፈረሰኛ

በአውሮፓ ባሮክ በሚባለው ዘመን በመዳብ ሰሌዳ ላይ እየተቀረጹ የታተሙትን የነገሥታትና የመኳንንት መልኮች የሚመለከት ሰው፣ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በፊታቸው ላይ ነው። ስለ ሥነ ጥበብ የሚጽፉትም አብዛኛውን ምስጋና የሚሰጡት ለዚሁ ለፊቱ ነው። እኔ ግን በእነዚህ ሥዕሎች ማዕርግንና ሥልጣንን የሚናገረው ፊቱ ሳይሆን በፊቱ ዙሪያ ያለው ነው እላለሁ።

ለዚህ ዋናው ምስክር የፈረንሳዊው ቀራጺ የፒየር ሎምባር ሥራ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቫን ዳይክ በ1633 የእንግሊዙን ንጉሥ ቻርልስ 1ኛን በፈረስ ላይ ተቀምጠው ሥሏቸው ነበር። ንጉሡ በ1649 አንገታቸው ተቀላ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሎምባር ይህንኑ አቀማመጥ አብነት አድርጎ በመዳብ ቀረጸና የኦሊቨር ክሮምዌልን ራስ አኖረበት፤ ክሮምዌልም በንጉሡ የሞት ፍርድ ላይ ከፈረሙት አንዱ ነበር። በኋላ ደግሞ ከዚያው ሰሌዳ የክሮምዌል ራስ ተፍቆ የቻርልስ ራስ ገባበት። ፈረሰኛው ጨርሶ ራስ ሳይኖረው የታተመበት ወረቀትም ተገኝቷል። መዳብ ለስላሳ ስለ ሆነ መስመሩ ይፋቃል፤ ሰሌዳው ከጀርባው እየተመታ ይስተካከላል፤ እንደ ገና ይቀረጻል። ፈረሱ፣ ጥሩሩና ከአጠገቡ የቆመው አገልጋይ ግን እንደ ርስት ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ተላለፉ።

በዚህ ላይ የሮቤር ናንተይን ስም ጠርቶ የሚከራከረኝ አይጠፋም። እርግጥ ነው፤ ናንተይ ባለ መልኩን ፊት ለፊት አስቀምጦ ይሥል ነበር፤ የቀረጻቸው ፊቶችም አንዱ ከአንዱ አይምታቱም። ነገር ግን ዘወትር የሚጠቀምበትን ሥርዓት እንመልከት፤ ሞላላ ክፈፍ፣ በዙሪያው ስምና ማዕርግ፣ ከግርጌው የቤተ ሰብ ዓርማ። ፊቱን በእጃችን ብንሸፍን ጳጳሱን ከዳኛው እንለያለን። ጽሑፉን፣ ዓርማውንና ልብሱን ብንሸፍን ግን የሚቀርልን አንድ አስተዋይ ሰው ብቻ ነው።

ነገሩ የእኛንም ጥናት ይነካል። የሂዮብ ሉዶልፍ መምህርና ወዳጅ የነበሩት የአባ ጎርጎርዮስ መልክ፣ ሃይስ የተባለው ጀርመናዊ በ1691 የቀረጸው ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር የሞቱት በ1658 ነው። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ የተሠራውን ይህን ሥዕል ያለ አንዳች ማብራሪያ እንደ እውነተኛ መልካቸው አድርጎ ማተም ልማድ ሆኗል። ልብሱን ለዘመኑ የካህናት አለባበስ ማስረጃ አድርጎ የሚጠቅስ ተመራማሪ፣ ቀራጺው ከምን ላይ እንደ ቀዳው አስቀድሞ ሊያስረዳን ይገባል።