የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክርና የንጉሥ ጠጉር

የጦርነት መታሰቢያ የሚቀመጥበት ቤተ መዘክር ከሌሎች ቤተ መዘክሮች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም በውስጡ ከሚታዩት ዕቃዎች መካከል በጉልበት ከባለቤታቸው እጅ የወጡ መኖራቸው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቤት የሚጎበኝ ሰው የዕቃውን ውበትና ዕድሜ በመመልከት ብቻ ሳይወሰን፣ ዕቃው ቀድሞ በማን እጅ ነበረ፣ በምንስ መንገድ እዚህ ደረሰ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ቤተ መዘክሩም የሚመዘነው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።

በሎንዶን ከተማ ቼልሲ በተባለው ሰፈር የሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ለዚህ ምርመራ የተመቸ ነው። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1960 በንጉሣዊ ቻርተር ተመሥርቶ፣ በ1971 ዛሬ ባለበት ሕንፃ ለሕዝብ ተከፈተ፤ ለእድሳት ተዘግቶ ከቆየ በኋላም በ2017 እንደገና በሩን ከፈተ። በዚያን ጊዜ አዳራሾቹ የዘመን ቅደም ተከተልን መከተላቸው ቀርቶ፣ ወታደር፣ ሠራዊት፣ ውጊያና ኅብረተሰብ እንደሚሉት ባሉ አርእስት ተከፈሉ። አከፋፈሉ የተራውን ወታደር ኑሮ ለማሳየት እጅግ ይረዳል። ነገር ግን ጉድለት አለው፤ ዕቃው ከተገኘበት ዘመቻ ተነጥሎ ከመሰሎቹ ጋር ሲደረደር፣ ጦርነቱ ስለ ምን እንደ ተደረገ የሚናገረው ነገር ይቀንሳል።

በስብስቡ ውስጥ ካሉት ዝነኛ ዕቃዎች አንዱ ዊልያም ሲቦርን የተባለው መኮንን የሠራው የዋተርሉ ውጊያ ምስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው ይህ ሥራ፣ ከ70,000 በሚበልጡ ትናንሽ የቆርቆሮ ወታደሮች ሰኔ 18 ቀን 1815 የነበረውን የውጊያ ሜዳ ያሳያል። ሲቦርን ከጦርነቱ የተረፉትን መኮንኖች በደብዳቤ እየጠየቀ ብዙ ደክሞበታል። ይሁን እንጂ ለእንግሊዞች ረዳት ሆነው የመጡት የፕሩስያ ወታደሮች ቁጥር ከመጀመሪያው አሳብ ተቀንሶ ቀረ፤ ለዚህም ምክንያቱ የጦር አዛዡ የዌሊንግተን ቅሬታ ነው የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። እንግዲህ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የጦር ቤተ መዘክር የሚያሳየው የሆነውን ሁሉ ሳይሆን፣ ከሆነው ውስጥ እንዲታይ የተፈቀደውን ነው።

ከዚያው ቤት የናፖሌዎን ፈረስ ነበረ የሚባለው የማሬንጎ አፅም ይገኛል፤ አንዱ ሰኮናውም የሱረት መያዣ ተደርጎ ለመኮንኖች ማዕድ ማስጌጫ ሆኗል። በዋተርሉ የቆሰለው የሎርድ አክስብሪጅ እግር የተቆረጠበት መጋዝም አለ። በእነዚህ ዕቃዎች ፊት የሚቆም ጎብኚ የፈረሱን ስም፣ የቆሰለውንም ሰው ማዕርግ ያውቃል። ስምና ማዕርግ መሰጠቱ ዕቃውን ወደ ሰው ታሪክ ያቀርበዋል። ከሩቅ አገር የተወሰደ ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በወሰደው ሰው ስም እንጂ በተወሰደበት ሰው ስም አይደለም።

በዚህ ነገር የኢትዮጵያ ልማድ ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። በቀድሞ ዘመን ተዋጊው ግዳዩን ይዞ በአለቃው ፊት ይፎክር፣ ይሸለምም ነበር፤ ከሟች አካል ሰለባ መውሰድም የታወቀ ነበር። ነገር ግን የግዳይ ጉዳይ የሚፈጸመው በፉከራውና በሽልማቱ ነው፤ የጠላትን አካል ለልጅ ልጅ በመዝገብ ቁጥር አኑሮ ማስቀመጥ በዚህ ልማድ ውስጥ ቦታ የለውም። ጠጉርም ቢሆን የራሱ ትርጉም አለው። ጠላት ወይም አውሬ የገደለ ጀግና ጠጉሩን ይሠራል፣ ቅቤም ይቀባል፤ ዘመድ የሞተበት ደግሞ ስለ ሐዘን ጠጉሩን ይላጫል። ዐፄ ቴዎድሮስም በሥዕል የሚታወቁት በሹሩባቸው ነው። ስለዚህ የሟችን ጠጉር ጠላት ሲቆርጠው የጀግንነቱን ምልክት ከመውሰዱም በላይ፣ የሐዘንተኛውን ሥርዓት ገልብጦ ይፈጽመዋል።

የመቅደላ ታሪክ የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ተቆጥተው ቆንስሉንና ሌሎችን አውሮፓውያን ስላሰሩ፣ ሰር ሮበርት ናፒየር 13,000 ያህል ወታደሮች ይዞ መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ምሽጉ ሲደፈር ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ከመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። ከምሽጉና ከቤተ ክርስቲያኑ የተዘረፈው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ተሸጠ፤ ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪትሽ ሙዚየም ባለሥልጣን ከገዢዎቹ አንዱ ነበረ፤ ገንዘቡም ለወታደሮች ተከፋፈለ። የሐራጁ ትርጉም በሚገባ ሊታሰብበት ይገባል። ዝርፊያ በዋጋ ሲተመንና ሲሸጥ የግዢ መልክ ይይዛል፤ ቤተ መዘክሩም የተረከበው ከገዢ እንጂ ከዘራፊ እንዳልሆነ ለመናገር ይመቸዋል።

ከሟቹ ንጉሥ የተቆረጠው ጠጉር ግን በዚህ መንገድ አላለፈም። ንጉሡን ከሞቱ በኋላ የሣለው ሰው ዘመዶች ጠጉሩን እ.ኤ.አ. በ1959 ለጦር ሠራዊቱ ቤተ መዘክር ሰጡ። የኢትዮጵያ መንግሥት እንዲመለስ ከጠየቀ በኋላ መጋቢት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በሎንዶን ተረከበው። ቤተ መዘክሩ የሰጠው ምክንያት ጠጉሩ የንጉሡ አፅም ካረፈበት ቦታ አብሮ እንዲቀበር በመፈለጉ መሆኑን ነው።

ይህ ውሳኔ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ምክንያቱ ግን ጠባብ ነው። የሰው አካል ይመለሳል፣ ዕቃ ግን ይቀራል የሚል ድንበር ያበጃል። ድንበሩ ለአውሮፓ ሕግ ግልጽ ሊሆን ይችላል፤ ለኢትዮጵያ ክርስቲያን ግን ግልጽ አይደለም። ታቦት ለእርሱ ዕቃ አይደለምና። በብሪትሽ ሙዚየም የሚገኙት 11 ታቦታት ተሸፍነው ተቀምጠዋል፤ ከካህናት በቀር ማንም አያያቸውም። ሊታይ የማይችለውን፣ ሊጠናም የማይፈቀደውን ነገር የሚያኖር ቤት በዚያ ነገር ላይ የቤተ መዘክርነቱ ሥራ አብቅቷል፤ የቀረለት ባለይዞታነት ብቻ ነው። በአንጻሩ ልዑል ዓለማየሁ በዊንድሰር እንደ ተቀበረ አለ፤ አፅሙ እንዲመለስ የቀረበው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2023 ተቀባይነት አላገኘም። የአካል ይመለሳል ሕግም ቢሆን ሁልጊዜ እንደማይጸና ይህ ያስረዳል።

ሌላውን የሚመዝን ሰው ሚዛኑን ለራሱም ማቅረብ አለበት። በአዲስ አበባ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው ድል የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ክብር ነው። ነገር ግን ከዚያ ድል በኋላ ለጣልያን የተዋጉት የኤርትራ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው እንዲቆረጥ ተፈርዶባቸዋል፤ የጣልያን ምርኮኞች ግን በአብዛኛው በርኅራኄ ተይዘዋል። ይህን ልዩነት፣ ስንቅ የተሸከሙትንና እህል የፈጩትን ሴቶች፣ ስም የሌላቸውን ሟቾች የሚያስታውስ የጦር ቤተ መዘክር ከድሉ አንዳች አይቀነስበትም። የሲቦርን ምስል ከፕሩስያውያን የቀነሰውን ያህል የኢትዮጵያ መታሰቢያ ከራሱ ታሪክ የቀነሰ እንደሆነ ግን፣ በቼልሲ ላይ የሚቀርበው ነቀፌታ ኃይል አይኖረውም።

የጦር ቤተ መዘክር ተግባር ጀግንነትን ማሳነስ አይደለም፤ ከጀግንነት ጋር የሟቹን ስም፣ ከዕቃው ጋር የባለቤቱን ስም አብሮ ማኖር ነው። የንጉሡ ጠጉር ከመዝገብ ቁጥር ወጥቶ ለመቃብር የታሰበው ስሙ የታወቀ ሰው ጠጉር በመሆኑ ነው። ስማቸው ያልተጻፈ የብዙዎች ዕቃ ግን ገና ጠያቂውን ይጠብቃል።