«ቤተ መዘክር»፣ «ዕቃ ቤት» እና «ዐውደ ርእይ»፦ የስያሜ ትችት

«ሙዚየም» ለሚለው ከግሪክ ለመጣው ውሰት ቃል አማርኛ «ቤተ መዘክር» የሚል አቻ ካገኘ ቆይቷል። ስያሜው ከግእዙ «ዘከረ» የወጣ ስለ ሆነ ፍቹ «የመታሰቢያ ቤት» ነው፤ በአፈጣጠሩም እንከን የለበትም። እንከኑ ያለው በአገባቡ ላይ ነው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ቃሉን ከስሙ ጋር በማጣመሩ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ «ወመዘክር» ሲል መጻሕፍት የሚነበቡበትን ቤት ያመለክታል፤ ጸሓፊው ግን «ቤተ መዘክር» ሲል ቅርስ የሚታይበትን ቤት ማለቱ ነው። አንድ ቃል በሁለት ቤት ያድራል።

ከዚህ የከፋ ጉድለትም አለ። ሙዚየም ይሰበስባል፣ ይጠብቃል፣ ይደረድራል፣ ያሳያል። በዛሬው አነጋገራችን ግን እነዚህ ሁሉ «ለጎብኚ ማሳየት» በሚለው ተውጠዋል። ጥበቃን የሚገልጸው «ዕቃ ቤት» የተባለው ነባር ቃላችን ከሙያው መዝገብ ውጭ ቀርቷል። በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት መስቀሉ፣ መጽሐፉና አልባሳቱ በቄሰ ገበዙ ኀላፊነት ይጠበቃሉ፤ የሚለዩት በአገልግሎታቸው፣ የሚወጡትም በበዓላቸው ነው። በዚህ ቦታ መሰወር የአያያዝ ሥርዐት እንጂ የማሳየት ጉድለት አይደለም።

ነገሩ ከቃላት ክርክር በላይ መሆኑን ከዋግ ኽምራ መረዳት ይቻላል። በሰቆጣ አቅራቢያ ከዐለት በተፈለፈለው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ሳይፈርሱ የቆዩ አስከሬኖች በሣጥን ይገኛሉ፤ በትውፊት የዋግ ሹሞች እንደ ሆኑ ይነገራል። እነዚህን «ሙሚ» ብንላቸው አንባቢው ወዲያው የግብፅን በድን በመስታወት ውስጥ ያያል፤ ቃሉ ራሱ ከኤግዚቢሽን ዕቃዎች ጋር ይደረድራቸዋል። «አስከሬን» ያልን እንደ ሆነ ግን ወገን ያለው፣ ፍትሐት የተደረሰለት ሰው እንላለን። እንግዲህ ስያሜው ከመስታወቱ ሣጥን ቀድሞ ይደርሳል።

መሰወር ሁሉ ግን ጥበቃ አይደለም። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 የኢትዮጵያ ታቦታት ይገኛሉ፤ አብዛኞቹ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ባለሙያዎችም አይመለከቷቸውም። ዐውደ ርእይ እንዳንለው እይታ የለም፤ ዕቃ ቤት እንዳንለው አገልግሎት የለም። ከሙዚየም ተግባራት የቀረው መሰብሰብ ብቻ ነው፤ እርሱም የተፈጸመው በዝርፊያ ነው።

በዚህ ምክንያት «ቤተ መዘክር» ለተቋሙ፣ «ዐውደ ርእይ» ለማሳያው፣ «ዕቃ ቤት» ደግሞ ለሚጠበቅበት ክፍል እንዲወሰን እናሳስባለን። «ዕቃ ቤት» በመኖሪያ ቤት ማጠራቀሚያን ስለሚያመለክት ዝቅ ያለ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም ጽና፣ ጽዋዕና መስቀል ያደረበት ቃል ቅርስን ለማሳደር አያንስም።

ለውቅር መስቀለ ክርስቶስ ግን የእኛ ውሳኔ ብቻውን አይበቃም። ለጎብኚ መግለጫ ከመጻፉ በፊት ኽምጣና ተናጋሪው የአገሩ ሰው ሙታኑን በምን ስም እንደሚጠራ ይጠየቅ፤ ያም ስም በመግለጫው ላይ ይቅደም። የአማርኛው ስያሜ ከሥሩ ሊጻፍ ይችላል።