የኔታ የሌሉበት ቀመር

እ.ኤ.አ. በ1979 ቪየና የታተመው የኦቶ ኖይገባወር ጥናት ባሕረ ሐሳባችንን ከግብፅ እስክንድርያና ከአይሁድ የዘመን ቆጠራ ጋር ያዛምደዋል። መጥቅዕ የሚለው ስም ራሱ የአይሁድን የመለከት በዓል ያነሣል። ጥናቱ በብራና ጽሑፎች ላይ የቆመ ነው፤ የኔታና ደቀ መዝሙሩ ግን አይታዩበትም።

የ2016 ዓ.ም. ወንበር 10 ነበር። በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 20 ይሆናል፤ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዑ 10። ድምራቸው 30 ነው። ለምን በ11? የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃው 354 ስለሆነ፤ ልዩነታቸው 11 ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ይህን «ለምን» ካላገኘ፣ ቀመሩን በቃሉ ይወጣዋል እንጂ አያሰላውም። ለእሱ የሚሆን መጽሐፍ ከየኔታ አፍ መጀመር አለበት።