የሑኩማ ምዕራፍና የጎደለ የሥራ አቅም፦ በማቅራት ልማዳችን ላይ የቀረበ ሂስ

የኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ» ሲቀራ፣ የአካል ጉዳት ካሣ ላይ ሲደረስ ደረሳው ቁጥሮቹን በቃሉ ይይዛል፤ ለነፍስ 100 ግመል፣ ለአንድ እጅ 50፣ ለአንድ ጣት 10። ቁርጥ ተመን ስለሌለው ጉዳት፣ ማለትም ስለ ሑኩማ፣ የሚናገረው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ይታለፋል። ስሌቱ «ተጎጂው ከነመለያው ባሪያ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ከዋጋው ስንት እጅ ይቀንስ ነበር?» በሚል ጥያቄ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ባርነት በቀረበት ዘመን መምህሩም ደረሳውም የሚጨብጡት ያጣሉ።

እኛ የምንነቅፈው ይህን መታለፍ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ለፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሰጠው ሥልጣን ጋብቻን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና መሰሎቻቸውን እንጂ የአካል ጉዳትን አያቅፍም። ስለዚህ ነገሩ ወደ ኢማሙ የሚመጣው በእርቅ በኩል ነው፤ የላላ የእጅ አንጓ ያለው ሸማኔ ፊቱ ሲቆም፣ ምዕራፉን በወጉ ያልቀራ ኢማም ከግምት በቀር መለኪያ የለውም።

ፉቀሃኦቹ የባሪያን ዋጋ የጠየቁት ለምን ነበር? ገበያው በሰውየው ጉልበትና ሙያ ላይ የሚያኖረውን ተመን የሚያሳይ ሌላ ሚዛን ስላልነበራቸው ነው ብለን እናምናለን። ያ ሚዛን ከጠፋ፣ ያው ገበያ ዛሬ ለሥራ የሚከፍለው ዋጋ ይተካዋል። ሸማኔው ቁስሉ ከዳነ በኋላ መወርወሪያውን ቀድሞ ከሚችለው በአምስት አንድ እጅ ያነሰ ብቻ መሥራት ከቻለ፣ ሑኩማው የዲያው አንድ አምስተኛ፣ 20 ግመል ይሆናል። ልብ ይባል፤ የሚወሰደው ንጽጽሩ እንጂ የገቢው መጠን አይደለም። ስለዚህ የሀብታሙ አንጓ ከድሃው አይበልጥም፤ ሁለቱም ከአንድ ዲያ ይለካሉ። ደመወዝ የማታገኝ የቤት እመቤትም ከስሌቱ አትወጣም፤ የእጇ ሥራ በገበያ ዋጋ አለውና።

ይህ አካሄድ ቁርጥ ተመን ወዳላቸው ጉዳቶች እንዲሻገር አንፈቅድም። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ጣቶችን እንደ ጥቅማቸው ለያይተው፣ ለአውራ ጣት 15፣ ለትንሿ 6 ግመል ፈርደው እንደነበር ኢማም ሻፊዒ በ«ሪሳላ» ያወሳሉ፤ ለዐምር ኢብን ሐዝም የተጻፈው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደብዳቤ ሲገኝ ግን ሁሉም ጣት 10 ሆኖ ጸና። ነስ ባለበት የሙያ ሚዛን ቦታ የለውም። የእኛ ነገር ነስ ዝም ባለበት ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። ራሱ «ሚንሃጅ» በእጅ ላይ የደረሰ ጉዳት ሑኩማ የእጅን 50 ግመል እንዳይደርስ ይገድባል። ሸማኔው ሥራውን ከናካቴው ቢያጣስ? ገደቡን ማፍረስ የእኛ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2091 ካሣ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን፣ በአንቀጽ 2092 ደግሞ መድረሱ የተረጋገጠ የወደፊት ጉዳት አስቀድሞ እንዲካስ ይደነግጋል። የእርቅ ሰነድ የሚያስፈርም ኢማም፣ ተጎጂው ከመፈረሙ በፊት ይህ በር ክፍት መሆኑን ሊነግረው ይገባል እንላለን።