ክንፉና መዝገቡ

በናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ለሚኖር ሐበሻ የወታደር አውሮፕላን ድምፅ እንግዳ አይደለም። የኬንያ አየር ኃይል የሞይ ጦር ሰፈር ከመኖሪያው ጋር ድንበርተኛ ነው። ያው ሜዳ በቅኝ ግዛት ዘመን የእንግሊዝ ንጉሣዊ አየር ኃይል ይዞታ ነበር። ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 ወደ ጦርነቱ በገባች ጊዜ፣ ከኬንያ ሜዳዎች እየተነሡ የፋሽስቱን ጦር በደቡብ ኢትዮጵያ ከደበደቡት መካከል የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች ይገኙባቸዋል። ካበረሯቸው አውሮፕላኖችም አንዳንዶቹ መንገደኛ ሲያመላልሱ ቆይተው ወደ ቦምብ ጣይነት የተለወጡ ዩንከርሶች ነበሩ። በንጎንግ መንገድ ባለው የጦርነት መካነ መቃብር፣ በዚያ ዘመቻ ወድቀው መቃብራቸው ሳይታወቅ ለቀሩ ወታደሮች የቆመ መታሰቢያ አለ። የሙሶሊኒ እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን አሜዴኦም፣ ራሱ የአየር ኃይል ጄኔራል፣ አምባላጌ ላይ እጁን ከሰጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1942 በምርኮኝነት እንዳለ ናይሮቢ ውስጥ ሞቶ ኒየሪ ተቀብሯል።

እንግዲህ የናይሮቢ አንባቢ ለዚህ ታሪክ ባዕድ አይደለም። ወረቀቱ ግን እጁ ላይ የለም። የአንድ ጦርነት ሰነድ በሮም፣ በፕሪቶሪያ፣ በለንደንና በአዲስ አበባ መደርደሪያዎች ተከፋፍሎ ተቀምጧል። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከኢጣልያ እጅ ስትመለስ በየቦታው የተገለጠው ደስታ ተገቢ ቢሆንም፣ ከደስታው ጎን ለጎን መነሣት የነበረበት ጥያቄ አለ፤ ስለ አውሮፕላኗ የሚናገረው መዝገብስ የት ነው?

ፀሐይ የተሠራችው በጀርመናዊው መሐንዲስና አብራሪ በሉድቪግ ቬበር መሪነት፣ በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እጅ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ስሟን ያገኘችው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ሲሆን፣ በውጭ ጽሑፎች «ኢትዮጵያ 1» ተብላም ትጠራለች። ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከወረራው በኋላ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ፣ በስተኋላ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በቪኛ ዲ ቫሌ ባለው የኢጣልያ አየር ኃይል የታሪክ ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ቆየች። ክንፏ ሳይረግፍ ስላቆያት ሙዚየሙን ያመሰገኑ አልጠፉም። የወሰደውን ዕቃ አጥቦና ወልውሎ የመለሰ ሰው ምን ያህል ምስጋና እንደሚገባው ግን እያንዳንዱ በሕሊናው ይመዝነው።

አውሮፕላን ብቻውን ሲቆም አንደበት የለውም። ጎብኚው ክንፉን፣ መንኰራኩሩን፣ የአብራሪውን ወንበር አይቶ ይሄዳል። ማን አበረረው? ስንት ሰዓት በረረ? ሞተሩ ስንት ጊዜ ተፈታ? ከአካሉ የትኛው የድሮ፣ የትኛው የጥገና ነው? እነማን መዶሻ ይዘው፣ እነማን ሸራ ሰፍተው ሠሩት? ለእነዚህ መልስ የሚሰጠው የበረራ መዝገቡ፣ የሞተሩ ደብተር፣ የክፍሎቹ ቁጥር ዝርዝርና በጀርባው ላይ በእርሳስ ስም የተጻፈበት ፎቶግራፍ ነው። የአቪዬሽን ሙዚየም የመዝገብ ክፍል የዕለት ሥራም ይኸው ነው፤ የገባውን መቁጠር፣ ካርድ ማውጣት፣ ከእርጥበት መጠበቅ፣ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ የቆሙትን ሰዎች ከሌላው ጋር እያስተያዩ መለየት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሪባን የሚቆርጥለት ባለሥልጣንም የለም።

የዚህ ሥራ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ወደ አንድ ወር መመለስ ይበቃል። ፀሐይ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1935 ነው። በዚያው ወር የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ ዳር በራስ እምሩ ጦር ላይ ኢፔሪት የተባለውን የመርዝ ጋዝ ጣሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1936 ጄኔቭ ላይ ይህንኑ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ተናገሩ። ይሁን እንጂ በኢጣልያ ነገሩ ለዐሥርተ ዓመታት ሲካድ ኖረ። በጦርነቱ በመኮንንነት የተካፈለው ስመ ጥሩው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ፣ እዚያ እንደነበረ ሰው ሆኖ «ጋዝ አልነበረም» እያለ ተከራከረ። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ደግሞ ከጦር ኃይሉ ቤተ መዛግብት ባገኛቸው ሰነዶች ሞገተው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1996 የመከላከያ ሚኒስትሩ ጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርቾኔ የመርዝ ጋዝ ቦምብ ሥራ ላይ መዋሉን ለፓርላማ አመኑ፤ ሞንታኔሊም መሳሳቱን ተቀበለ። እዚህ ላይ የሚያስቆጭ ነገር አለ። የተቃጠለው ሰው ምስክርነት 60 ዓመት ያልፈታውን የፈታው የአቃጣዩ የራሱ ወረቀት ነው። ጸሐፊው ያንን ትእዛዝና ሪፖርት በቁጥሩ መዝግቦ ባያስቀምጠው ኖሮ፣ ክርክሩ ዛሬም «አለ፣ የለም» በሆነ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው ግን ትልቁ ሀብት ከአዲስ አበባ ርቆ አለመገኘቱ ነው። በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ማከማቻ፣ ኢጣልያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ከአየር ያነሧቸው ፎቶግራፎች ተከማችተው ኖረዋል። የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ቆጥረው ሲያስታውቁ 8,281 ሰሌዳዎች ሆኑ። እያንዳንዱ ሰሌዳ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጠንካራ ሰሌዳ ነው። በላዩ ላይ አንድ መግለጫና በአንድ ቅጽበት የተነሡ አራት ፎቶግራፎች ተለጥፈውበታል፤ አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሦስቱ በጎንና በጎን አዘንብለው የተነሡ። አውሮፕላኑ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 እስከ 4,500 ሜትር ከፍታ ላይ እየበረረ፣ በመስታወት ሰሌዳ በሚሠራ ካሜራ ያነሣቸው ናቸው። ተከታታዮቹ ፎቶግራፎች 60 በመቶ ያህል ስለሚደራረቡ፣ ጥንድ ጥንዱን በመነጽር የሚያይ ሰው ተራራውን ከፍ ብሎ፣ ገደሉን ጠልቆ ያየዋል።

እነዚህ ፎቶግራፎች የተነሡት ለውበት አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያ ጥቅጥቅ ብለው የሚገኙት ሊመጣ ላለው ውጊያ መንገድ ለማጥናት ስለተፈለጉ ነው፤ ከአንዳንዶቹ በረራዎች በኋላ ጦሩ ያንኑ አቅጣጫ ተከትሎ ወደ ደቡብ ገፍቷል። ዛሬ ግን በእነዚያው ምስሎች የትኛው ኮረብታ ራቁቱን እንደነበር፣ የትኛው ቦረቦር እንደሰፋ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን በዛፍ እንደተከበበ ተመራማሪዎች ይመረምራሉ። የጥንት ፎቶግራፍን ከዛሬ እይታ ጋር ማስተያየቱ «ድሮ ሁሉም ደን ነበር» የሚለውን የለመድነውን አባባል አስጠርጥሯል። ወራሪ ለዒላማ ያነሣው ሥዕል ለገበሬ የመሬት ታሪክ ሆነ ማለት ነው። ይህንን ያስቻለውም ያች ከጎን የተለጠፈች መግለጫ ናት። እርስዋ ባትኖር 8,281ዱ ሰሌዳ ስም የሌለው ተራራ ክምር ይሆን ነበር።

ችግሩ መግለጫው ባዕድ ቋንቋ መናገሩ ላይ ነው። የዚያ ዘመን የኢጣልያ ካርታዎች ወሎን በ«ኡ» ድምፅ ጀምረው ይጽፋሉ፤ መቀሌ ላይ «ቀ» እና «ከ» አይለዩላቸውም፤ ጠብቆና ላልቶ የሚነበበው፣ «ጸ» እና «ጠ» ሁሉ ይምታታባቸዋል። የመንደር ስም እንዲህ ከተዛባ፣ የዚያ መንደር ተወላጅ የአያቱን ደጅ በእጁ ይዞ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ የቤተ መዛግብቱ ሠራተኛ የቋንቋ ሰውም መሆን አለበት፤ ካርዱን በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ መልሶ ማጻፍ ከፎቶግራፉ ቅጂ ማንሣት ያላነሰ ሥራ ነው። ኮምፒዩተር ምስሉን ያነሣል፤ ስሙን ግን የአካባቢውን አነጋገር የሚያውቅ ሽማግሌ ካልነገረው አያውቀውም። እነዚያ ሽማግሌዎችም በየዓመቱ እያነሱ ነው።

የፀሐይን መመለስ ያደመቀው ዜና ያተኮረው በአካሏ ላይ ነበር። ፎቶግራፍ ለመነሣት የሚያመቸው አውሮፕላን ስለሆነ አያስገርምም። ነገር ግን አንድ ሙዚየም በአጠገቧ ከእነዚያ ሰሌዳዎች አንዱን ቢያቆም፣ ጎብኚው ሁለት ዓይነት በረራ በአንድ ዘመን ያያል፤ አንዱ አገር በራሷ ሰዎች እጅ የሞከረችው፣ ሌላው አገሪቱን ከላይ ሆኖ የለካት። ከሥሩም በግዕዝ ፊደል በረራው የተደረገበት ቀን፣ የአውሮፕላኑ ከፍታ፣ የተራራው ስም እንደ ነዋሪው አጠራር ተጽፎ።