«ይውጡ» ያለው ማን ነው?

በሚያዝያ 2013 አጣዬ ከተማ ስትቃጠል ግጭቱ ሸዋ ሮቢት አካባቢም ደርሶ ነበር። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ገበያ በሚጋሩበት በይፋት ቆላ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ፣ የዜና ገጽ አድሚን ሁለት ዓይነት ኮመንት ሊገጥመው ይችላል። አንዱ «እነ እገሌ ካገራችን ይውጡ» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «እነ እገሌ ይውጡ ብለው ቤታችንን አቃጠሉት» ይላል።

የመጀመሪያው ቅስቀሳ ነው፤ ሁለተኛው የተጎጂ አቤቱታ።

አድሚኖች በፌስቡክ ገጻቸው ላይ የሚሞሉት የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ሁለቱንም አንድ ላይ ይደብቃል። ተሳዳቢው ግን «ሰ»ን በ«ሠ» ይቀይራል፣ በፊደላት መሀል ነጥብ ይጨምራል፣ ካልሆነም በላቲን ፊደል ጽፎ ያልፋል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከዝርዝሩ የሚሻለው ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ለመመዘን ስለሚሞክር ነው።

ለምሳሌ ኒውዮርክ ታይምስ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር እስከ 2017 ድረስ ለአስተያየት ክፍት የሚያደርገው ከዘገባዎቹ 10 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር፤ 14 አጣሪዎቹ በቀን 11,000 ገደማ አስተያየት ያነቡ ነበርና። በወቅቱ የጎግል እህት ኩባንያ የነበረው ጂግሶ ያቀረበው ፐርስፔክቲቭ አስተያየቶቹን በነጥብ እየደረደረ ሲያቀርብላቸው በሩ ሰፋ። ውሳኔው ግን ከሰዎቹ እጅ አልወጣም።

ፐርስፔክቲቭ ግን አማርኛን አላካተተም። ክፍተቱን ለመሙላት የባሕር ዳርና የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአማርኛ የጥላቻ ንግግር መረጃ ሲያሰባስቡ ቆይተዋል። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2025 የወጣው «አፍሪሄት» የተባለው ስብስብ ደግሞ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማሊኛን ጨምሮ 15 የአፍሪካ ቋንቋዎችን ይዟል። ጽሑፎቹን የለዩት ቋንቋውንና ባህሉን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። አዘጋጆቹም ከዐውዱ የተነጠለ ቃል እያደኑ መሰረዝ ሰውን ዝም እንደሚያሰኝ አስጠንቅቀዋል። ይፋት ላይ የሚነገሩት አፋርኛና አርጎብኛ ግን በስብስቡ ውስጥ የሉም።

ስለዚህ አስተያየት በማጣራት ሥራ ማሽኑ ሰልፍ ቢያስይዝ እንጂ ፍርድ ባይሰጥ ይሻላል። ያለጥርጥር ስድብ የሆነውን ይደብቅ፤ ያመነታበትን፣ የሌላ ሰው ንግግር የተጠቀሰበትንና የማያውቀውን ቋንቋ ግን ከሰልፉ ፊት ያቁመው። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ንግግርን እንዲያነሱ ያዛል። ከተማ በሚቃጠልበት ሌሊት 24 ሰዓት ብዙ ነው። በዚያ ሰዓት ወረፋው ላይ መቀመጥ ያለበት ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ያለውን መንገድና ሰፈር የሚያውቅ ሰው ነው። አንድ ኮመንት በደበቀ ቁጥርም ምክንያቱን አጠገቡ ይጻፍ፤ ማሽኑ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሠለጥን ሊማር የሚችለው ከዚያ ማስታወሻ ነው።