ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ
(ስለ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት)

በጎንደር ከተማ ዳር እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሳነፁት ቤተ ክርስቲያን ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ይባላል። ይህን ስም በጸሎቱ ጸ የሚጽፍ ሰው ዛሬ ጥቂት አይደለም፤ ስሕተቱን ሲነግሩትም «ድምፁ አንድ አይደለምን?» ብሎ ይመልሳል። የፊደል መምህሩ «ፀሐዩ ፀ ነው» ብሎታል እንጂ ምክንያቱን አልጨመረለትም። ወደ ምክንያቱ የሚያደርሰውን መንገድ የሚያሳየው በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነው።

አለቃ በ1936 ዓ.ም. ስላረፉ የድካማቸውን ፍሬ ታትሞ አላዩትም፤ ለኅትመት ያበቁት ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። የመጽሐፉ ብርታት ግእዝን ለብቻው አለማቆሙ ነው፤ ዘመዶቹን ዕብራይስጥን፣ ሱርስትንና ዐረብኛን ምስክር አድርጎ ያቀርባል። የምስክሮቹ ጥቅም በአንድ ግስ ይታያል። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን የሌባ ሥራ ነው። ጎንደርም ሆነ ሸዋ ሁለቱን በአንድ ድምፅ ያነብባል፤ ዐረብ ግን የፀሐይን መውጣት «ሸረቀ»፣ ስርቆትን «ሰረቀ» እያለ እስከ ዛሬ ይለያል። የረፋድንም ብርሃን «ዱሓ» ይላል፤ የዐረብ «ዷድ» በግእዝ ፀሐዩ ፀ ነውና የደብሩ ስም በምን እንዲጻፍ ከዚህ ይታወቃል። ደግሞ መሐረ ይቅር አለ፣ መሀረ አስተማረ ነው፤ የቅርብ ዘመዱ ትግርኛ የሁለቱን ልዩነት በጉሮሮው ጠብቆታል። ምሕረትንና ትምህርትን በአንድ ሀ የሚጽፍ ሰው ፊደል ያቃለለ ይመስለዋል እንጂ ሁለት ግስ አደባልቋል። ባለቅኔ በሠረቀና በሰረቀ ኅብር ቢያወጣ ይመሰገናል፤ ለጸሓፊ ግን ይህ ፈቃድ የለውም።

መጽሐፉ ነቀፋ የሌለበት አይደለም። ቃላቱ የተሰለፉት በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነው። ዕብራውያንና ሶርያውያን ፊደላቸውን በዚሁ ተራ ስለሚቈጥሩ ለማነጻጸር ይመቻል፤ ነገር ግን ሀ ሁ ብሎ ያደገ ተማሪ አንድ ቃል ፍለጋ ገጽ ሲያገላብጥ ይውላል። ጀርመናዊው ዲልማን በ1865 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የግእዝ መዝገበ ቃላት የሀለሐመን ተራ ጠብቆ ሳለ፣ የሀገሩ ሊቅ መተዉ ያስገርማል።

ቮልፍ ሌስላው በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጡት የግእዝ ማነጻጸሪያ መዝገበ ቃላት ትግረን፣ ጉራጊኛንና ሐረሪን ሳይቀር ስለሚጠራ በምስክር ብዛት ይበልጣል፤ ዳሩ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ለጎንደር የቅኔ ቤት ተማሪ የሚቀርበው አሁንም የአለቃ መጽሐፍ ነውና፣ እንደገና የሚያሳትመው ሰው ቢገኝ በመጨረሻው በሀለሐመ የተሰናዳ ማውጫ ይጨምርበት።